አምስት ለእኔ፣ አምስት ለእሷ

የወሰን ሰፈር እድር አዲስ ዳኛ በሚመርጥበት ዕለት አባይነሽ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ባሏን በዳዳን የማይወደውን ኮት አስለብሳ ወጣች። ዳኝነቱ ይገባታል። ሰው ሲሞት ቀድማ የምትደርሰው፣ ድንኳን የምታስተክለው፣ ቀሪ የምትይዘው እሷ ናት። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን የዚያን ዕለት ከዳኝነቱ በላይ ያንገበገበቻት ሌላዋ ዕጩ አምለሰት ነበረች፤ ከሲግናል ሰፈር መጥታ ሰፈሩን የተቀላቀለች፣ ስትስቅ ሰው ሁሉ አብሮ የሚስቅላት መምህርት። ባለፈው ቅዳሜ በዳዳ ጋራዡን ለሌላ ደንበኛ ዘግቶ የሷን መኪና ፍሬን ሲያስተካክል ዋለ። የገዛ ቤቱ በር እኮ ማጠፊያው ከወለቀ ከርሟል!

የእድሩ አዳራሽ ጣሪያው ስለተነሳ አባላቱ አውቶቡስ ተከራይተው ወጡና ስብሰባው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ሆነ።

«እጅ ማውጣት ይቅር» አለ ጸሐፊው ኤቢሳ። «አምና እጅ አውጥተን እስካሁን የተኳረፉ አሉ። ዘንድሮ ለእያንዳንዱ ዕጩ ከዜሮ እስከ አምስት ነጥብ ስጡ፤ ተደምሮ የበለጠው ያሸንፋል።»

«ድምር ብቻውን ያሳስታል» አለች አምለሰት። «አንድ ሰው ተናዶ ዜሮ ቢሰጥ የብዙውን ፍላጎት ይገለብጣል። በድምር የበለጡትን ሁለቱን እንለይ። ከዚያ እያንዳንዷ ወረቀት ከሁለቱ አብልጣ ለሰጠችው አንድ ድምፅ ትሁን፤ እኩል የሰጠች ለማንም አትቆጠር። ድምፁ እኩል ከመጣ ድምሩ ይለያቸው።»

አንዱ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ነጥብ ተጥሎ ቀሪው ይደመር አለ፤ ሌላው መሃለኛው ነጥብ ይያዝ አለ። ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው የአምለሰት ሐሳብ ጸደቀ።

አባይነሽ ከዜሮ እስከ አምስት ከሚለው ሌላ አንዱንም አልሰማችም። ስታይ የነበረው በዳዳን ነው። አምለሰት በተናገረች ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል። ለሚስቱ ወሬ እንዲህ ነቅንቆ አያውቅም።

ወረቀት ሲታደል ለራሷ አምስት፣ ለአምለሰት ዜሮ ጻፈች፤ ዜሮዋን ደግማ አደመቀቻት። ለሦስተኛው ዕጩ ለጋሽ ገላው ሦስት ጣል አደረገችላቸው፤ እሳቸው ምን በደሏት! ቀና ስትል በዳዳ በመዳፉ ሸፍኖ ይጽፋል። እጅ ቢወጣ ኖሮ ታየው ነበር። አሁን ግን ለሷም ለዚያችም መስጠት ይችላል። ባልን ለሁለት የሚያካፍል ይህ ምን ዓይነት ምርጫ ነው?

ድምሩ ሲነበብ ጋሽ ገላው ወደቁ፤ አባይነሽ አምለሰትን በሁለት ነጥብ በልጣለች። በልቧ ጮቤ ረገጠች። ዜሮዬ ሠራች አለች።

«ገና ነው፣ እትዬ አባይነሽ» አለ ኤቢሳ። «አሁን ወረቀት በወረቀት እናያለን። ዜሮ የሰጠም፣ አራት የሰጠም እዚህ ላይ አንድ ሰው ነው።»

ፊቷ ዳመነ። ቆጠራው አለቀ፤ አምለሰት አሥራ አምስት፣ አባይነሽ አሥራ አራት። አንዲት ወረቀት ለብቻዋ ቀረች።

«አምስት ለአምስት» አለ ኤቢሳ ከፍ አድርጎ እያሳየ። «ለማንም አትቆጠርም።»

«የኔ ናት!» አለ በዳዳ፣ እንደተመሰገነ ሰው እየሳቀ። «ሁለቱም ጎበዞች ናቸው፤ ላበላልጥ አልወደድኩም።»

ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ወደ አባይነሽ ዞረ። በዳዳ ከሁለቱ ሚስቱን በአንዲት ነጥብ ቢያስበልጥ ድምፁ እኩል መጥቶ፣ በድምሩ ዳኝነቱ የሷ ይሆን እንደነበር ሁሉም በየልቡ አስልቷል። አምለሰት ልታቅፋት መጣች። አባይነሽ «እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት፤ በሕይወቷ ማንንም እንዲህ ጠልታ አታውቅም።

ሲመለሱ በኪራዩ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቁልቁለቱን ሲጀምሩ በዳዳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባይ፣ ሙች ስልሽ፣ ስድስት ቢኖር ላንቺ ስድስት እሰጥ ነበር። መጨረሻው አምስት ሆነብኝ እንጂ።»

«ስድስት ማን ጠየቀህ?» አለችው፣ ወደ መስኮቱ እንደዞረች። «ለሷ አራት መስጠት ነው ያቃተህ?»

በዳዳ ያንን የማይወደውን ኮቱን አወለቀ። ወሰን እንደደረሱ መፍቻ ይዞ የወለቀውን የበር ማጠፊያ ሊጠግን ሄደ።