የራስ መኰንን ድልድይ ዳገት

"ዝናብ ቢሆን፣ ጭቃ ቢሆን፣ ከጉለሌ አራት ኪሎ በእግሬ፤" ብሎ አስፋ ጠረጴዛውን መታ። "በእግሬ ብለሽ ጻፊው።"

የአሥር ዓመቷ ቤቴል ጻፈች። ነገ ክፍል ፊት ቆማ የምታቀርበው ፎርትራግ፣ የቃል ገለጻ፣ አላት፤ ርዕሱ "አያቶቼ ትምህርት ቤት እንዴት ይሄዱ ነበር?" የሚል ነው። ሴት አያቷ ሕብስት እዚያው ቪንተርቱር፣ ገዛ ቤቷ ውስጥ እያለች፣ የሚናገረው ግን ከጄኔቫ ለእሁድ ምሳ የመጣው ታናሽ ወንድሟ ነው። አስፋ ባለበት ሌላ ሰው አይጠየቅም። ሠላሳ ዓመት በዓለም አቀፍ ድርጅት ወረቀት ከክፍል ክፍል ሲያዘዋውር ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ የልጅነት መንገዱ በየዓመቱ አንድ ኪሎ ሜትር ይረዝማል።

"ከዚያ ቬሎው መጣ፣ አባባ?"

"በላቤ የገዛሁት ብስክሌት። ዳገቱን ስወጣበት ሰፈሩ ሁሉ ይደነቅ ነበር። እቴቴ ምስክሬ ናት።"

ሕብስት ድስት እያጠበች ነበር። ብስክሌቱ የአባታቸው ነው። አስፋ አንድም ቀን በእግሩ አልሄደም፤ አባታቸው ከፊት ብረቱ ላይ አስቀምጦ ሲወስደው፣ እሷ የሁለቱንም ቦርሳ ይዛ ከኋላ ትሮጥ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ብስክሌቱ ተሰጠው። ቁልቁለቱን እየጮኸ ይወርዳል፤ ከራስ መኰንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ሽቅብ ሲሆን ግን፣ ጌታው እንዳይደክም፣ እሱ ኮርቻው ላይ ተጎልቶ እሷ ትገፋዋለች። አርፍዳ የምትገረፈውም እሷ ነበረች። እናታቸው "ወንድምሽን ሰው ፊት አታሳፍሪ" ስላለቻት፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ፣ በሠርጉም በልጆቹ ክርስትናም፣ "አዎ፣ እንዲህ ነበር" ስትል ኖራለች። እሱን መናቅ ድሮ የለመደችው ነው፤ በዚህ ግን ራሷንም ትንቅ ነበር።

ቤቴል ወረቀቷን ይዛ መጣች። "አያቴ፣ እዚህ ፈርሚ። መምህርቷ፣ ቤተሰብ እውነት ነው ብሎ ይፈርም ብላለች።"

"ፈርሚላት እንጂ፤" አለ አስፋ፣ ስቴኪኒውን ከአፉ ሳያወጣ።

ሕብስት እጇን አድርቃ አነበበች። ስሟ የትም የለም። የልጅ ልጇ ነገ ሃያ ልጆች ፊት በኩራት የምታነበው ይህንን ነው።

"ውሸት ነው፤" አለች። "እኔ ነኝ ስገፋው የነበርኩት።"

"እቴቴ፣ ደግሞ ልጅ ፊት።"

"የዋሸኸውም ልጅ ፊት ነው።"

"ለአንድ ወረቀት ብለሽ ልታዋርጂኝ?"

"ምን ከፍ ብለህ ነው የማዋርድህ?"

ወረቀቱን ሳትፈርም አጥፋ ለእሱ ሰጠችው። "ሌላ ወረቀት አምጪ፣ ቤቴል። እኔ እነግርሻለሁ።"

አስፋ ተነሥቶ ካፖርቱን ለበሰ። እንደ ልማዱ እስክትለምነው በሩ ላይ ቆየ።

"ባቡርህ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው፤" አለችው፣ ከልጅቷ አጠገብ ወንበር እየሳበች። "ጣቢያው ሩቅ አይደለም፤ በእግርህ ትደርሳለህ።"