ተነሺ፣ ተቀመጪ

ያን ቀን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ለአንድ ነገር ነው፤ ሽንት ቤት ብቻዬን ቁጢጥ ብዬ ብቻዬን እንድነሳ። ሳቁ እናንተ። ጉልበቴ ከተያዘ ወዲህ በብብቴ ገብታ የምታነሳኝ ምራቴ ብርቱካን ናት። የልጄ ሚስት ቂጤን ስታይ ከመኖር ቢላዋ ይሻለኛል አልኩ። ጉልበት የሚቀይሩ ሐኪሞች መጥተው የባሰበትን እየመረጡ ነው ተብሏል።

መራጩ ሙዓዊያ የሚሉት፣ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ሐኪም ነው። ሰዓት ይዞ የፕላስቲክ ወንበር አጠገብ ቆመ።

«ሐቦባ» አለኝ፣ አያቴ ማለቱ ነው፤ «እጅሽን ደረትሽ ላይ አጣምሪና ቶሎ ቶሎ ተነሺ፣ ተቀመጪ።»

ድሮ መፋዛ እርሻ ለሰሊጥ አጨዳ ስንሰለፍ የባለእርሻው ወኪል እንዲሁ ነበር የሚያየን። ያነከሰችውን ወደ ጎን፣ የበረታችውን ወደ መኪናው። እኔ ወደ ጎን ተገፍቼ አላውቅም። ጥርሴን ነክሼ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። አጥንቴ ይንቋቋል፣ እኔ እስቃለሁ። ተራመጂ ሲለኝም ተንጎራደድኩለት።

«እማዬ፣ ምን ነካዎት?» አለች ብርቱካን።

«አፍሽን ያዢ!»

እሱ ወደ ጥያቄው ገባ። «ደረጃ መውጣት ይከብድሻል?»

«ጎጆ ውስጥ የምን ደረጃ?»

«ካልሲ ማድረግስ?»

«በዚህ ሐሩር? አሞሃል?»

«መኪና ውስጥ መግባት?»

«የባለ ሦስት እግሩ ራክሻ ሹፌር ገፍቶ ያስገባኛል፤ ደስ እያለው።»

ሳቀ። «ተማም፣ በጣም ጥሩ! አንቺ ደህና ነሽ፤ ቀዶ ጥገና አያስፈልግሽም።»

ለካ እዚህ የምትመረጠው ያነከሰችዋ ናት!

«ተሳስቻለሁ፤ ድገመኝ» አልኩት።

«አሁን ብታነክሺ ማን ያምንሻል?»

ብርቱካን ሳቀች። አናደደችኝ።

«እንግዲያ ሰዓትህን ይዘህ ተከተለኝ!»

ግቢው ጥግ ወዳለው ሽንት ቤት ገብቼ የቆርቆሮውን በር ዘጋሁ፤ ቁጢጥ አልኩ። መውረዱን ወረድኩት። መነሳቱ ነው እንጂ።

«ሐቦባ፣ ጨረስሽ?»

«ገና ነኝ፤ ቁጠር!»

ቆየን። ወረፋ የያዙት ሴቶች ማጉረምረም ጀመሩ።

«እጅሽን ተደገፊ!»

«ምን ላይ? ጉድጓዱ ላይ?»

ወደ በሩ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምራትሽን ልጥራልሽ?» አለ።

«እሷን አልፈልግም። መጀመሪያ መርጬሻለሁ በለኝ፤ ከዚያ ራስህ ገብተህ አንሳኝ።»

«መርጬሻለሁ፣ መርጬሻለሁ!» እያለ ዓይኑን ጨፍኖ በዳበሳ ገባ፤ ግንባሩን ከቆርቆሮው አጋጨ። ቀሚሴን እንኳ እንዳልገለብኩ አልነገርኩትም።