በቤታችን ብቻ የሚከፈት ገጽ

ከባሌ ጋር ከተኮራረፍን በኋላ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ሳሎኑና መኝታ ቤቱ የእኔ፣ ትንሿ ክፍል የእሱ፣ ኩሽናው ተራ በተራ። ማንም አልደለደለውም፤ እንዲያው በዝምታ ተስማማን። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፤ እኔ ስገባ እሱ ብርጭቆውን አለቅለቅ አድርጎ ውልቅ ይላል። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ እንደዚያ ብቻ መሆንን ለጠላቴም አልመኝም።

ጠቡ የተነሳው በሥራ ነው። ባሌ የሊፍት ቴክኒሻን ነው። አንድ ቀን እራት ላይ፣ ጨው አቀብይኝ እንደሚል ሰው ቀለል አድርጎ፣ «ሌላ ከተማ የተሻለ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ፈርሜያለሁ» አለኝ። አግኝቻለሁ ብቻ ቢለኝ ምንም አልነበረም። ፈርሜያለሁ! እኔ ምንድነኝ፣ የቤት ዕቃ ነኝ? ነደደኝና «ሂድ! ማን ያዘህ?» አልኩት። «እሺ» አለ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልተለዋወጥንም።

እናቴ ስትደውል «አንቺ ልጅ፣ ይቅርታ ብትዪው ምን ይቀንስብሻል?» ትለኛለች።

«እሱ ይበለኛ!»

«ሁለት ግትሮች! እናንተንስ እግዜር ነው ያገናኛችሁ» ትልና ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለች።

እውነቷን ነው። በግልጽ ልናገረው፤ እንዳይሄድብኝ ፈልጌ አንጀቴ እያረረ ነበር። አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ።

የእኔ ሥራ መጻፍ ነው፤ ልብ ወለድ እንዳይመስላችሁ። የአንድ ነፃ ፕሮግራም መመሪያ ነው የምጽፈው። ፕሮግራሙ ጋራዦችና ትንንሽ የጥገና ቤቶች መለዋወጫቸውን የሚቆጣጠሩበት ነው። የሚሠሩት ሰዎች በየአገሩ የተበተኑ ናቸው፤ አንዳቸውንም በአካል አላውቅ። እኔ ጽሑፉን እጽፍና ቢልድ አደርገዋለሁ፤ ማለትም አንድ ትእዛዝ ስሰጥ ያ ዝርክርክ ጽሑፍ ርዕስና ማውጫ፣ «ቀጣይ» የሚል ቁልፍም ያለው ድረ ገጽ ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ የሚወጣው ግን ሎካል ነው፤ እዚያው የራሴ ላፕቶፕ ላይ። ለዓለም ከመልቀቄ በፊት እኔው ጸሐፊ፣ እኔው አንባቢ ሆኜ አየዋለሁ። ከለቀቅኩት በኋላስ ማን ያነበዋል? መመሪያ የሚያነብ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ላፕቶፔ ላይ ሁልጊዜ የሚከፈት አንድ ጥቁር መስኮት አለ። ገጽ በተከፈተ ቁጥር እዚያ ላይ አንድ መስመር ይጻፋል፤ የትኛው ገጽ እንደሆነ፣ ከየትኛው ስልክ ወይም ኮምፒውተር እንደተከፈተ። አንድ ከሰዓት በኋላ አገጬን በእጄ ደግፌ ተክዤ ሳለሁ መስመር ብቅ አለ። «ከመጀመርዎ በፊት» የሚለው ገጽ ተከፈተ። እኔ አልከፈትኩም። ስልኬም ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል።

ወይ ጉድ! ከዚያ ትዝ አለኝ። ከመጣላታችን በፊት፣ ገጹ በትንሽ ስክሪን ምን እንደሚመስል ለማየት በእሱ ስልክ ከፍቼው ነበር። ለዚሁ ብዬ ሎካሉን ለቤቱ ዋይፋይ በሙሉ ክፍት አደረግኩት፤ መልሼ አልዘጋሁትም። ከቤታችን ውጭ ማንም ሊከፍተው አይችልም። ቤት ውስጥ ደግሞ ከእኔ ሌላ ያለው አንድ ሰው ነው።

መጀመሪያ በገንኩ። ይሰልለኛል እንዴ? ሌላ መስመር መጣ፤ «አጫጫን»። ቀጥሎ «ካልተሳካ»። አሁንም «ካልተሳካ»። እንደገና «ካልተሳካ»። ከግድግዳው ማዶ ወንበሩ ሲንቋቋ፣ እሱ በረጅሙ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ሰውየው እኮ እየሞከረው ነው! በዚያ አሮጌ ላፕቶፑ ፕሮግራሙን ለመጫን እየታገለ ነው። ለአዲሱ ሥራው አስቦ ይሆናል አልኩ። ሌላ ምክንያት ይኖረው ይሆን ብዬ ማሰቡን ፈራሁት።

የት ላይ እንደተቸከለ ወዲያው ገባኝ፤ ከመጀመሪያው ሙከራው የቀረውን ፋይል ሳይዘጋ ነው እንደገና የሚጭነው። በሩን አንኳኩቼ «ያን ፋይል ዝጋው» ብለው ያልቅ ነበር። ያ ነው ያልሆነልኝ። ይልቅ ገጹን አስተካከልኩት። «የሊፍት በር ሳይዘጋ ሊፍቱ እንደማይነሳ ሁሉ፣ የቆየው ፋይል ሳይዘጋ ፕሮግራሙ አይነሳም» ብዬ ጻፍኩና ቢልድ አደረግኩ። ቢልዱ ሲያልቅ የተከፈተ ገጽ በራሱ ይታደሳል፤ ስለዚህ እጁ ላይ እያለ ተለወጠበት ማለት ነው። ከማዶ ሳቁን ሰማሁ። ቀጣዩ ገጽ ተከፈተ። እኔ ደግሞ እንባዬ መጣ፤ ምን ላድርግ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእሱ መጻፍ ያዝኩ። እሱ በገጹ ላይ መልስ መስጠት አይችልም፤ የገባውን ያልፈዋል፣ ያልገባው ላይ ይመላለሳል። እኔም በተመላለሰበት ሁሉ ገብቼ አቃልለታለሁ፤ አንድ ምሳሌ ከሞተር፣ አንዱን ከገመድ እያመጣሁ። ማን እንደሚጽፍለት፣ ለማን እንደሚጻፍ ያውቃል። ኩሽና በር ላይ ስንገናኝ ግን ያው ነን፤ እሱ ጣሪያ ያያል፣ እኔ ወለል አያለሁ። ሥራዬን ገና ዛሬ አንድ ሰው አየልኝ እያልኩ፣ ያንን ሰው ደህና አደርክ ማለት አቅቶኝ እውላለሁ።

የሚሄድበት ቀን ደረሰ። ሻንጣዎቹ በሩ ጋ ተደርድረዋል። የሚወስደው መኪና እስኪመጣ ትንሿ ክፍል ውስጥ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል። መስመሮቹን አያለሁ፤ ያላነበበው የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ነው።

ያን ገጽ ከነርዕሱ ጠራርጌ አጠፋሁት። በቦታው እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አትሂድ። ያመመኝ ሥራ ማግኘትህ አይደለም፤ ሳትነግረኝ መወሰንህ ነው። ሂድ ያልኩህ ውሸቴን ነው። አትሂድብኝ።» ቢልድ አደረግኩት። ጥቁሩ መስኮት ላይ ብዙ ጽሑፍ ግር ብሎ አለፈ፤ እኔ ግን ታች ታቹን ብቻ ነው የማየው። የእሱ መስመር መጣ። የመጨረሻው ገጽ ተከፈተ።

ውጭ መኪና ጡሩንባ ነፋ። የክፍሉ በር ተከፈተና ሳሎን ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«በይ እንግዲህ» አለኝ።

ጠበቅኩት። እሱም ቆመ። አንጀቴን አውጥቼ የጻፍኩትን አንብቦ «በይ እንግዲህ»!

«መልካም መንገድ» አልኩት። ሻንጣዎቹን አንስቶ ወጣ።

ቤቱ ጭር አለ። ከመለያየታችን በላይ የከፋኝ መዋረዴ መሰለኝ። ብዙ ከተቀመጥኩ በኋላ ያን ጉደኛ ገጽ ላጥፋው ብዬ ወደ ላፕቶፔ ተመለስኩ። ጥቁሩን መስኮት ወደ ላይ ሳብ ሳደርገው ቀይ ጽሑፍ አየሁ። ቢልዱ ከሽፏል።

ሌላ ገጽ ላይ፣ ወደዚያ ወዳጠፋሁት ርዕስ የሚወስድ ሊንክ ነበር። ርዕሱ ሲጠፋ ሊንኩ ተሰበረ። አንድ ሊንክ ከተሰበረ ቢልዱ እዚያው ይቆማል፤ የቆየው ገጽ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ መከፈቱን ይቀጥላል። እንዲህ ዓይነት ስህተት ሠርቶ የማያውቅ የእኛ ሙያ ሰው የለም። ባሌ ያነበበው የእኔን ቃል አልነበረም። ዘልዬ ስልኬን አነሳሁና ደወልኩ።

«የመጨረሻው ገጽ ላይ ምን አነበብክ?» አልኩት፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

የመኪናው ድምፅ ይሰማል። «‹ሁሉንም ጨርሰዋል። አሁን መዝጋት ይችላሉ› ይላላ» አለኝ። «ገብቶኛል እኮ። ያን ሁሉ ለእኔ ብለሽ ስትጽፊ ቆይተሽ፣ መጨረሻው ይሄ ከሆነ ምን እላለሁ? ደግሞ አንቱ ብለሽ ታሰናብቺኛለሽ።»

«እሱ የቆየው ነው! አዲስ ጽፌልህ ነበር፤ ቢልዱ ከሽፎብኝ አልወጣም!» ጮህኩበት።

«አዲሱ ምን ይላል?»

«አትሂድ ይላል።»

«አንቺስ?» አለኝ። «ገጹን ተይው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

በአፌ ለማለት እንደዚያ የሚከብድ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።

«አትሂድ» አልኩት። «እኔም አትሂድ ነው የምልህ።»

ሲተነፍስ ሰማሁት። መኪናው ግን አልቆመም።

«ምነው በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ» አለኝ። አላኮረፈም፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር፣ እሱ ነው የባሰብኝ። «አሁንማ ልንደርስ ነው። ሰዎቹም እየጠበቁኝ ነው። ስደርስ እደውልልሻለሁ።»