ኮረንቲ የወደቀ ዕለት

ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ፤ የምነግራችሁ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። ለቀስተኛው ሲያሳድገው በዋለው ወሬ ግን እኔ የለሁበትም። ጠዋት፣ ቀለም ቀቢው የጓደኛውን ሬሳ አዝሎ ከተራራው አወረደ ተባለ። ምሳ ላይ ዐውሎ ነፋስ ተጨመረበት። ሻይ በድጋሚ ሲዞር ተኩላ መጣ።

«በአንድ እጁ ሬሳውን ደግፎ በሌላው ተኩላውን አነቀው!» አለች ጎረቤቲቱ በሹክሹክታ። የእሷ ሹክሹክታ ጎዳና ድረስ ይሰማል።

«አንድ ተኩላ ነው?» አለ የሟች አጎት።

«ኧረ ሦስት ናቸው ይላሉ!»

አጎትየው ወደ ቀለም ቀቢው ዞረ። «የኔ ልጅ፣ እንዳንተ ያለ ወንድም ለጠላቴም ይስጠው። ነገ ዘመድ ሁሉ ሲሰበሰብ አንተው ራስህ ትነግረናለህ። ልጆቹም ካንተ አፍ ይስሙት።»

ቀለም ቀቢው ወንበሩ ስር መግባት ቢችል ይገባ ነበር። ጆሮው ጋለ። ሰው ሐዘን መሰለው። ሐዘኑስ ነበር፤ ግን እፍረት ከላዩ ተቀምጦበት መተንፈሻ አሳጥቶታል። ከቀብሩ ወዲህ የሟችን ሚስት ቀና ብሎ አላያትም።

ሟቹ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ኮረንቲ የሚለውን ስም ያወጣለት ግን ሙያው ሳይሆን ተንኮሉ ነው። መሰላል ላይ ወጥቶ ሽቦ ይነካና ድርቅ ብሎ ይንቀጠቀጣል። የቤቱ ባለቤት ኡኡ ስትል አንድ ዓይኑን ገልጦ፣ «እመቤቴ፣ መብራት እኮ ከጠዋት ጀምሮ የለም» ይላታል። ሚስቱንም አይምርም፤ በሰው ስልክ እያስደወለ ሞተ ያስብላታል። ቀለም ቀቢው ታች ሆኖ መሰላሉን እየያዘ አብሮት ሲስቅ ኖሯል። አንዴማ የሳቁን እንባ በቀለም እጁ ጠርጎ፣ ግማሽ ፊቱ አረንጓዴ ሆኖ ቤቱ ገብቷል።

ብርዱ ገና ሲገባና መንገዱ ላይ ስስ በረዶ ሲጋገር ሁለቱ ተራራ የመውጣት ልማድ ነበራቸው። የዚያን ዕለትም ኮረንቲ የሚያብለጨልጨውን ዳገት እያየ፣ «ይሄ መንገድ ነው መስታወት? ቆይ ጢሜን ልላጭበት» እያለ ወጣ። ሲወጡ ሁለት ጊዜ ጮኾ ተሰወረ። ሁለቱንም ጊዜ ቀለም ቀቢው በአራት እግሩ እየዳኸ ደረሰ፤ ሁለቱንም ጊዜ ኮረንቲ ቋጥኝ ጀርባ ተጋድሞ ብርቱካን ሲልጥ ተገኘ።

«አሁን ደግመህ ብትጠራኝ እዚሁ ትቀራታለህ!» ብሎ ማለ ቀለም ቀቢው።

ሲወርዱ፣ ፀሐይ የማይነካው ጥግ ላይ ኮረንቲን አዳለጠው። «ድረስልኝ!» አለና ከጠርዙ በታች ጠፋ።

ቀለም ቀቢው ሳቀ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ጓንቱን አወለቀ፤ ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳ። «ብርዱ ሲነክስህ ራስህ ትመጣለህ!» ብሎ ወደ ታች ጮኸ። ሻዩን እፍ እያለ ጨረሰና ደገመ። ከዚያ ነው ጎንበስ ብሎ ያየው። ኮረንቲ ድንጋይ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ቀለም ቀቢው እንደዚያም ሆኖ አንድ ዓይኑን እስኪገልጥ ጠበቀው።

ሬሳውን በቃሬዛ ያወረዱት የተራራው ጠባቂዎች ናቸው። እሱ ከኋላ ተከተለ።

ሳሎን ውስጥ ተኩላዎቹ አራት ሲሞሉ ቀለም ቀቢው ተነስቶ ኩሽና ገባ። የሟች ሚስት ብርጭቆ ታጥባለች።

«ምነው ተነሳህ? ሻይ ልቅዳልህ?»

«ሻይ አልፈልግም!» ብሎ በራሱ ጩኸት ደነገጠ። ከዚያ ወለሉን እያየ፣ «አላዘልኩትም» አላት። «ተኩላም የለም። ድረስልኝ ሲለኝ ሳቅኩበት። ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጣሁ። ብደርስለት ይተርፍ እንደሁ አላውቅም። ነገ ለሁሉም እናገራለሁ፤ አንቺ ግን ከሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው።»

ቧንቧውን ዘጋችው።

«ጠባቂዎቹ ሲደውሉልኝ» አለች፣ «'ምሳህ ቀዝቅዟል በሉት' ብዬ ስቄ ዘጋሁባቸው። እኔም እኮ ሳቅኩ።»

መቼም ምዬላችኋለሁ። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፦ ሚስትየው ይህን አላለችም። ብትለው ደስ ስለሚለኝ ነው። ቧንቧውን መዝጋቷ እውነት ነው። ፊቱን ግን አላየችም። እሱም ቆሞ ቆሞ ወደ ጓሮው በር ዞረ። ውጭው ብርድ ነበር። እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና፣ ከኋላው የኮቱን ኮሌታ ቀና አደረገችለት።