ያላደሩ ምስክሮች

እማማ ዘርፈሽዋል ስልክ በጠራ ቁጥር የሚደነግጡ ሴት ናቸው። በዚያ በ2007 ክረምት ግን ስልኩ ዝም ባለ ቁጥርም ይደነግጡ ጀመር።

ነገሩ የፔንሲዮኑ ነው። ጭሮ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለው ባለ ስድስት ክፍል ፔንሲዮን ከባለቤታቸው የቀረላቸው ሲሆን፣ አልጋ የምታነጥፈውም እንግዳ የምትቀበለውም የልጅ ልጃቸው እሴት ናት። አስፋልቱ ዳር ፎቅ ሆቴሎች ከተከፈቱ ወዲህ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ እንግዳ ጠፋ። ልጃቸው ዱጉማ ከሚኖርበት ከቦርደዴ መጥቶ፣ እስከ መስቀል ክፍሎቹ ካልሞሉ ለሚኤሶው እህል ነጋዴ ለመስዑድ መጋዘን አድርጎ እንደሚያከራየው ቁርጡን ነገራቸው። ቤቱስ ምንም ይሁን። እሴት ግን ሥራ ፍለጋ አገር ጥላ መሄዷ ነው። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ብብታቸው ሥር አድርገው ያሳደጓት ልጅ ናት፤ እንቅልፍ የነሳቸው ይሄ ነበር።

እሴት አላለቀሰችም። ኢንተርኔት ቤት እየተመላለሰች፣ እየጠየቀችም እያነበበችም፣ ለፔንሲዮኑ ድረ ገጽ ሠራች። መጀመሪያ ማንም አላየውም። ጭሮ ውስጥ አልጋ የሚፈልግ ሰው ጎግልን ቢጠይቅ፣ የእሷ ድረ ገጽ ከሁሉ ኋላ፣ ማንም ገልጦ በማይደርስበት ቦታ ነው የሚወጣው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ባለሙያ ወደ ፊት አመጣልሻለሁ አላት፤ የጠየቀው ዋጋ ግን ፍራሹ ሁሉ ተሸጦ የሚሞላ አልነበረም። እንግዲያው ራሴ እሠራዋለሁ አለች።

የሠራችበትን መንገድ እማማ ዘርፈሽዋል ዛሬም ሲያወሩት ይደንቃቸዋል። ኮምፒዩተር ፊት አልተጎለተችም፤ መናኸሪያ ወረደች። ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሰው ሁሉ፣ የማያውቁት ከተማ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያሳስብዎ ምንድን ነው እያለች ጠየቀች። እማማም ሰው ምን ይላል ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላዋ ተከተሏት። ከሾፌር ጋር ወሬዋ ረዘም ካለ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

ሽማግሌው ከተማዋን አሰበ ተፈሪ ብሎ ነው የሚያውቃት፤ ወጣቱ ጭሮ ይላል። ሾፌሩ መኪናዬ የት ታድራለች ይላል። አሰቦት ገዳም የሚሳለመው ደግሞ በስንት ሰዓት ልነሳ፣ ምን መኪና አገኛለሁ ይላል። እሴት ጥያቄውን ሰዉ በጠየቀበት ቃል፣ መልሱንም አጣርታ፣ ድረ ገጹ ላይ አሰፈረች። ከተማዋን በሁለቱም ስሟ ጠራቻት። ኔትወርክ በሚደክምበት መንገድ ላይም ቶሎ እንዲከፈቱ ብላ ፎቶዎቹን አቀለለች።

እማማ የገዳሙ ነገር ከነከናቸው። እኛ ጴንጤዎች የገዳም መንገድ ማሳየት ምን አገባን አሏት። እሴት እንደ አባቷ ወገኖች አያቷን በኦሮምኛ “አኮ” ነው የምትላቸው።

“አኮ፣ መንገድ የጠየቀ ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ይጠየቃል እንዴ?” አለቻቸው።

ድረ ገጹ ወደ ፊት ይጠጋ ጀመር። ግን በኤሊ እርምጃ ነው፤ መስቀል ደግሞ በፈረስ ይመጣል። አንድ ቀን እሴት፣ ጎግል እኛ ስለ ራሳችን ከምንለው ይልቅ ሌላው ስለ እኛ የሚለውን ይሰማል ስትል እማማ ጆሯቸው ቆመ። ይሄንንማ ያውቁታል፤ ምስክርነት ማለት ነው።

ረቡዕ የእናቶች ጸሎት ሲያበቃ ጉዳዩን ለእህቶች አቀረቡ። እህቶችም የልጆቻቸውን ስልክ እየተቀበሉ፣ ያልቻለችው በቻለችው እያስጻፈች፣ ድረ ገጹ ላይ የእንግዶች አስተያየት በሚለው ቦታ መሰከሩ። ሮማነወርቅ ከተዳረች ጀምሮ ከቤቷ ውጭ አድራ አታውቅም፤ ብዙ ከተማ አድሬአለሁ፣ እንዲህ ያለ እንቅልፍ ግን አላየሁም አለች። ዘመናይ ሙቅ ውሃውን አመሰገነች። ፔንሲዮኑ ሙቅ ውሃ የለውም።

እሴት ስታነበው መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ አንድ በአንድ ሰረዘቻቸው።

እማማ ተቆጡ። እህቶች የመሰከሩት ለማን ብለው ነው? መስቀል ደረሰ እኮ።

“አኮ፣ እህቶች እዚህ አድረዋል?”

“ያንቺን ደግነት ያውቃሉ።”

“አድረዋል ወይ ነው ያልኩት።”

እማማ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ።

“ሙቅ ውሃ ብሎ መጥቶ በቀዝቃዛ የታጠበ ሰው ሁለተኛ አይመለስም” አለች እሴት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “እሱ ደግሞ አድሮ ነው የሚመሰክረው።”

በሐሰት አትመስክር የሚለውን ገና ፊደል ሳትቆጥር ያስጠኗት እሳቸው ነበሩ። ልጅቷ ይዛዋለች። እማማ አፈሩ፤ ከማፈራቸው ይልቅ ግን ኩራታቸው በለጠ።

ጥቂት ቆይቶ ያደረ ሰው መሰከረ። ኪሮስ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር፣ ቤቱ ንጹህ ነው፣ መኪናዬም ግቢ ውስጥ በሰላም አድራለች፣ ጠዋት ግን ውሃ የለም ብሎ ጻፈ። ቀጥሎም፣ “አንዲት አሮጊት ራት በልተሃል ወይ፣ ሚስትህ የት እንዳለህ ታውቃለች ወይ እያለች መግቢያ መውጫ አሳጣችኝ” አለ።

የእማማ ፊት ነደደ። ይሄንንስ ሰርዢው አሉ። እሴት፣ ውሸት አለበት ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። የለበትም። ሚስቱን ሁለት ጊዜ ነው የጠየቁት።

ልጅቷ በርሜል ገዝታ ማታ ማታ ውሃ ታጠራቅም ጀመር። ከሾፌሩ ቃል ሥርም እንዲህ ብላ መለሰች፦ “ስለ ውሃው ይቅርታ፤ አሁን በበርሜል እናቆያለን። የሚጠይቁት አያቴ ናቸው። ሰው ደኅና መግባቱን ሳያውቁ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። እሱን ማስተካከል አልቻልንም።”

መስከረም እንደ ገባ ስልኩ ጠራ። ከአዳማ የምትደውል እናት ናት። ልጇ በነርስነት ተመርቃ ምዕራብ ሐረርጌ ተመድባለች፤ የምደባ ደብዳቤዋን ልትቀበል ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ጭሮ ልትመጣ ነው። እናትየዋ አሰበ ተፈሪ ማረፊያ ብላ ስትፈልግ የእሴትን ድረ ገጽ ከፊት አገኘችው፤ የሾፌሩንም የእሴትንም ቃል አንብባለች።

“እኚያ የሚጠይቁት እናት አሁንም አሉ?” አለች።

እሴት ስልኩን ለአያቷ አቀበለች። እማማ ዘርፈሽዋል ሰላምታም ሳያስቀድሙ፣ ልጅቷ በየትኛው አውቶቡስ ነው የምትሳፈረው ብለው ጀመሩ።

ልጅቷን መናኸሪያ ድረስ ሄደው ተቀበሏት። በማግስቱ አብረዋት የተመደቡት ተከታትለው መጡ፤ የእነሱም እናቶች ደወሉ። ከአሰቦት የሚመለሱ ተሳላሚዎችም መንገዱን በድረ ገጹ ያሳያቸውን ቤት ብለው በሩን አንኳኩ። ዱጉማ መስዑድን አስከትሎ መጋዘኑን ሊያሳየው ሲመጣ የሚከፍትለት ባዶ ክፍል አላገኘም። መስዑድ በረንዳው ላይ የተደረደረውን ጫማ አየና፣ ዱጉማ፣ ይሄማ ከእኔ ማሽላ ይልቅ የተጠቀጠቀ ነው ብሎ ሳቀበት። ዱጉማም ግራ ገብቶት፣ ይሄን ሁሉ ሕዝብ ማን ጠራው ብሎ እናቱን ጠየቀ።

እማማ በአገጫቸው ወደ እሴት አመለከቱት። ልጅቷ ጥጉ ላይ ተቀምጣ አንድ መንገደኛ በድረ ገጹ የጠየቃትን ልትመልስ እየጻፈች ነበር። ቀና ብላ አጎቷን አየችውና፣ ቦርደዴ ላይ እሁድ የሚሠራ ጎሚስታ አለ ወይ አለችው።

ዱጉማ በረጅሙ ሊያወራ ጉሮሮውን ሲያስተካክል እናቱ ክንዱን ያዝ አደረጉት።

“ያየኸውን ብቻ ንገራት” አሉት። “እዚህ ቤት ያላየነውን አንጽፍም።”