ዛቮሪና

ኤቶሬ ኩራት እራቱ የሆነ ሰው ነው። የጄኖቫን ዳገትና ቁልቁለት ሠላሳ ዓመት በሞተር ሲወጣና ሲወርድ ሚስቱ ሚሬላ ከኋላው ነበረች። ሰው ሲያስተዋውቃት «ዛቮሪናዬ ናት» ይላል። ዛቮራ መርከብ እንዳይገለበጥ ከሆዱ የሚጭኑት ድንጋይ ነው፤ ዛቮሪና ደግሞ ትንሿ ድንጋይ፣ ማለትም ከባሏ ጀርባ ሞተር ላይ የምትፈናጠጥ ሴት። ቀልድ ነው ይላሉ ወንዶቹ። ሚሬላ ግን በዚህ ቀልድ ስትስቅ ያየ የለም።

እንግዲህ ከገና በኋላ ሐኪሙ መንጃ ፈቃድህ አይታደስም አለው። ዳር ዳሩን ያያል፣ ትክ ብሎ ያየው ነገር ግን መሐሉ ጠቁሮ ይጠፋበታል። ሚሬላ አንድ ቃል ሳትናገር በሃምሳ አራት ዓመቷ መንዳት ተማረችና ፈተናውን አለፈች። ቤታቸው ኮረብታው አናት ላይ ነው። እሷ ታች ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ትሠራለች፣ እሱ ለዓይኑ መርፌ ሆስፒታል ይመላለሳል፣ አውቶቡሱ ደግሞ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያ ስኩተሯን ልትመርጥ አብረው ወጡ። ሄልሜት እንደሚያበላሸው እያወቀች ፀጉሯን ተሠርታለች።

ኤቶሬን የሚያንገበግበው ዓይኑ ብቻ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ጎረቤታቸው ኤልቪዮ እግሩ ተሰብሮ፣ ሚስቱ ከኋላዋ አፈናጣ ስታመጣው፣ ቡና ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ዛቮሪና መጣች! ቦርሳዋን ተቀበሏት!» ብሎ የጮኸበት ኤቶሬ ራሱ ነው። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ኤልቪዮ ከዚያ ወዲህ ቡና የሚጠጣው ሌላ ሰፈር ሄዶ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ አሁን ያ ጩኸት ወደ ገዛ ጆሮው ይመለስበት ጀመር።

የሞተር መሸጫው ደግሞ፣ የእግዜር ነገር፣ ከዚያው ቡና ቤት ፊት ለፊት ነው። ባለሱቁ ባቺቻ ገና ከሩቅ ሲያየው እጁን ዘረጋ።

«ኤቶሬ! ያቺን አሮጊት ሞተርህን በመጨረሻ ልትሸኛት ነው?»

«አዎ፣ ጊዜዋ ደርሷል» አለ ኤቶሬ።

ሚሬላ ዞር ብላ አየችው።  ጥጉ ላይ ወደቆመች አረንጓዴ፣ ዝቅ ያለች ስኩተር ሄዳ መሪዋን ያዝ አደረገችው። «በዚህች እግሬ መሬት ይነካል» አለችው በሹክሹክታ።

«ተይ እስቲ፣ ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው!» አለ ኤቶሬ፣ ባቺቻ እንዲሰማ ጮክ ብሎ። ሞተሩ የሚገዛው ለሚስቱ መሆኑን የሚያውቁት ባልና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ወይ አለማፈር! አንድ ጥቁር፣ ግዙፍ ስኩተር መረጠ፤ ሚሬላ ብትቀመጥበት እግሯ እንደ ሕፃን ይንጠለጠላል።

«ይሄ ነው የወንድ ሞተር» አለ ባቺቻ ቁልፉን እያቀበለው። «የኋላው ደግሞ ሶፋ በሉት! ሲኞራ፣ ይሞክሩት እንጂ። አንዴ ዞር በሉበት።»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ይበቃው ነበር። «ዓይኔ» ቢል አለቀ። እሱ ግን ቁልፉን ተቀበለ።

«ኤቶሬ፣ ተው» አለችው ሚሬላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«እስከ ጥጉ ብቻ ነው። ዝም ብለሽ ከኋላ ውጪ።»

ወጣች። ለምን ወጣሽ ብትሏት መልሷ አጭር ነው፦ «ታዲያ ብቻውን ይሂድ?»

ቁልቁለቱን እንደጀመሩ ቀኝ ወገቡን ነካችው። ይህን ከዓምና ጸደይ ጀምሮ ታደርገዋለች፤ አንዴ ቀኙን፣ አንዴ ግራውን። እሱም ሁልጊዜ «ድንጋይ አይነካካም፣ አርፈሽ ተቀመጪ!» ይላታል። አሁንም ሊቆጣት አፉን ሲከፍት ቀበቶውን በሁለት እጇ ጎተተችው።

«ፍሬን!»

ጎማው ጮኸ። አንድ ሳጥን ሎሚ የተሸከመ ሰው ወደ ኋላ ዘለለ፤ ሰውየው ተረፈ፣ ሎሚው ግን በቁልቁለቱ ተንከባለለ።

«ዕውር ነህ እንዴ?» ብሎ ጮኸ ሰውየው።

በዚህ ከተማ በየማዕዘኑ የሚሰማ ስድብ ነው፤ መልሱም የታወቀ ነው፣ የሰውየውን እናት ጠርተህ ታልፋለህ። ኤቶሬ ትክ ብሎ አየው። ሰውየው ፊት አልነበረውም፣ በፊቱ ቦታ ጥቁር ነገር ብቻ ነበር።

«አዎ» አለ።

«ምን አዎ?»

«አይታየኝም። ዕውር ነኝ።»

 ባቺቻ እየሮጠ መጣ፣ የቡና ቤቱ ሰዎችም ሲኒያቸውን እንደያዙ ወጡ። ኤቶሬ ተንበርክኮ ሎሚ ሊለቅም መሬቱን ይዳብስ ጀመር፤ እጁ ባዶ ድንጋይ ይዳስሳል። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሚሬላ ከጎኑ ተንበርክካ ትለቅም ነበር።

«ሞተሩ የእሷ ነው» አለ ቀና ሳይል። «ዋሸሁህ ባቺቻ። መንጃ ፈቃድ ያላት እሷ ናት። እኔ የኋላው ነኝ።»

ሚሬላ አረንጓዴዋን ወሰደች። ባቺቻ ወረቀቱ እስኪያልቅ የሙከራ ታርጋ አሠረላት። ተቀመጠችና ሁለት እግሯን መሬት ላይ አስተካክላ ረገጠች።

«ና ውጣ» አለችው።

ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ከኋላ አወጣጡን አያውቅም ነበር፤ በጉልበቱ ጀርባዋን መታት። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ያቺን ቃል ጠበቀ። ቡና ቤቱ በር ላይ ግን ማንም አልተናገረም። ዝምታው ከስድብ ባሰበት፣ እሱ ለኤልቪዮ የነፈገው ምሕረት ነበርና።

ዳገቱን ሲጀምሩ ጆሮዋ አጠገብ ተጠጋ።

«ሚሬላ… ዓምና ጸደይ ነው የጀመረኝ። ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ እኮ» አለች ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። «በቀኝ ሲመጣ ቀኝህን፣ በግራ ሲመጣ ግራህን። አርፈሽ ተቀመጪ አልከኝ።»

ኤቶሬ እጆቹን ወገቧ ላይ አሳረፈ፤ አትንካኝ እንዳትለው ፈርቶ ጠበቅ አላደረገም። ቤታቸው እስኪደርሱ አርፎ ተቀመጠ።