ጣሪያዬን ሌላ ሰው አይነካውም

ከሰሜን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ጡረተኞች በሚያዝያ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ፣ በረሃው ላይ ያለው የተጎታች ቤቶች ሰፈር ጭር ይላል። በሐምሌ አሪዞና የሚቀር ሰው ወይ መሄጃ የለውም፣ ወይ ግትር ነው። ዴልበርት ሁለቱንም ሆኖ ቀረ። ሚስቱ ሜርና ዘንድሮ ረጅም መንገድ ስላልቻለች እንደ ወትሮው ወደ ተራራ መውጣቱ ቀረና፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናት የአሉሚኒየም ተጎታች ቤታቸው ውስጥ ከነሙቀቱ ተቀመጡ። ያቺን ቤት ዴልበርት ከወዳደቀ ላሜራነት አንስቶ፣ ብሎን በብሎን፣ በገዛ እጁ ነፍስ የዘራባት ናት።

ሰኞ ጠዋት ጣሪያው ላይ ያለው አየር ማቀዝቀዣ አንዴ አጓርቶ ዝም አለ።

ለሌላ ሰው ይሄ ላብ ነው፤ ያልፋል። ሜርና ግን የነርቭ ሕመምተኛ ናት። ሙቀት ሲበረታባት እግሯ ይከዳታል፣ ምላሷ ይተሳሰራል፣ ዓይኗ ይደክማል፤ ቀዝቀዝ ሲልላት ሁሉም ይመለስላታል። ሴት ልጃቸው ሎርና ይህን ሰምታ ወዲያው ደወለች።

«አባዬ፣ እስከ ሐሙስ ካልሠራኸው መጥቼ እማዬን እወስዳታለሁ። ደግሞ አልመልሳትም፤ ከዛሬ ጀምሮ እወቀው።»

«እስከ ሐሙስ በረዶ ቤት ይሆናል» አላት። ሎርና ያለችውን የምታደርግ ልጅ መሆኗን ያውቃል። ያሳደጋት እሱ አይደል?

የሰፈሩ ኃላፊ ዋንዳ ሲጋራዋን በከንፈሯ ጥግ እንደያዘች መጥታ የጠጋኝ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ሰጠችው።

«ይሄ ሰውዬ ሙሉ ዕቃውን መኪና ላይ ጭኖ ነው የሚዞረው። ደውልለት። ነገ ጨርሶልህ ይሄዳል።»

«ጣሪያዬን ሌላ ሰው አይነካውም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሰባ ስምንት ዓመትህ ነው! ከመሰላል ስትፈጠፈጥ እኮ ለቃሚህ እኔው ነኝ።»

«ስፈጠፈጥ ትለቅሚኛለሽ፣ ምን ቸኮልሽ?»

«ካልሆነ ሜርናን እኔ ጋ አምጣት። ትርፍ አልጋ አለኝ።»

ዴልበርት ወደ ሚስቱ ዞረ። ሜርናም እሱን አየችና «ግዴለም ዋንዳ፣ ዴል ይሠራዋል» አለች።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሰፈር ሰው የሚለካው ቤቱን ራሱ በመጠገኑ ነው። በጥር ሁሉም ወንበሩን አውጥቶ ሲሰባሰብ ወሬው ማን ምን ፈታ፣ ማን ምን ገጠመ ነው፤ ባለሙያ የጠራ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቢራውን ይጠጣል። ዴልበርት አንድም ጊዜ አንገቱን ደፍቶ አያውቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ የዋንዳን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና አዲስ ማቀዝቀዣ አዘዘ።

ዕቃው እስኪመጣ ማክሰኞንም ረቡዕንም ጣሪያ ላይ ዋለ። የዛገ ብሎን ዘይት እያጠጣ ፈታ፣ የደረቀ ሲሊኮን በካቻቢቴ ፋቀ። ላሜራው በሱሪው አልፎ ጉልበቱን ይጠብሰዋል። በየሰዓቱ ወርዶ የሜርናን ፎጣ በበረዶ ውኃ ይነክርላትና «ትንሽ ነው የቀረኝ» ይላታል። «እሺ» ትለዋለች። ሁለት ቀን ሙሉ «እሺ» አለችው፤ እሱም አመናት። ማመኑ ለሥራው ይመቸው ነበር።

ዕቃው ረቡዕ ማታ ደረሰ። ሐሙስ ገና በጠዋቱ ዋንዳ ትንሿን ሎደር እየነዳች መጣችና አሮጌውን ማቀዝቀዣ በሎደሩ አካፋ አወረዱት። ጣሪያው ላይ ክንድ የማይሞላ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ቀረ። ዴልበርት በቀዳዳው አጎንብሶ ወደ ውስጥ አየ። ሜርና ልክ ከሥሩ አልጋው ላይ ተጋድማለች።

«ሰላም ነው፣ የኔ እመቤት?» አላት ለጨዋታ።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምጿ ግን አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ነው ካርቶኑን የከፈተው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ዴልበርት ግን የሚለቅመው እንኳ አላገኘም። ከቤት ውስጥ ኮርኒሱ ላይ የሚታሰረው፣ የላይኛውን ስቦ የሚይዘውና ማብሪያውን የሚሸከመው ክፍል የለም። ካርቶኑን ገለበጠው፤ አራገፈው። ጎኑ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «የውስጥ ክፍሉ ለብቻው ይሸጣል» ይላል።

«ምን ሆነሃል? መንፈስ አየህ እንዴ?» አለች ዋንዳ።

«የአሮጌውን እገጥምለታለሁ።»

አልገጠመም። የብሎኖቹ ቀዳዳ አልመጣ አለው። በሳ፣ ሞረደ፣ ተራገመ። ሰባት ሰዓት ላይ ሙቀቱ አርባ ስድስት ዲግሪ ደረሰ። ስምንት ሰዓት ላይ በደቡብ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ዋንዳ የራሷን ቤት መስኮት ልትዘጋ ሮጠች። ዴልበርት ቀዳዳው ላይ ሸራ ወጥሮ በገመድ ቢያስረውም፣ የበረሃው ዐውሎ ነፋስ በአንድ ትንፋሽ ገንጥሎ ወሰደው።

ዝናቡ ጣሪያው ላይ እንደ ጠጠር ወረደ። ዴልበርት እየሮጠ ገባና አልጋው ላይ ቆሞ፣ የካርቶኑን ክዳን በሁለት እጁ ከውስጥ ወደ ቀዳዳው ደገፈ። ካርቶን ደግሞ ምን ይችላል? ውኃው በክንዱ፣ በብብቱ፣ በአገጩ እየወረደ ከሥሩ በተኛችው ሚስቱ ላይ ይንጠባጠባል። እጁን ቢያወርድ ቤቱ ይሞላል፣ ባያወርድ ሜርናን ሊያነሳት አይችልም። ቆመ። ክዳኑን እንደደገፈ ቆመ።

«ዴል» አለች ሜርና። ዝናቡ ትንሽ ሲያቀዘቅዛት ምላሷ ተፈቶላት ነበር። «እጅህን አውርደው።»

«አልጋው ይበሰብሳል።»

«በስብሷል እኮ። አውርደውና ለሎርና ደውል።»

«ነገ የቀረውን ክፍል አምጥቼ...»

«ዴል። አልችልም።»

በሃምሳ አንድ ዓመት ትዳራቸው ያቺን ቃል ከአፏ ሰምቶ አያውቅም። እጁን አወረደ። የራሰው ክዳን ተቀዶ ወደቀና ዝናቡ እንዳለ ወረደባቸው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ስልኩን በሸሚዙ እያበሰ ደወለ። ሎርና ስታነሳው «ነይ፤ እኔም አልቻልኩም» ብቻ አላት።

አሥር ሰዓት ላይ መጣች። ዝናቡ አባርቶ፣ ከመሬቱ ከዝናብ በፊት ከነበረው የባሰ ወበቅ ይነሳ ነበር። ዴልበርት ሜርናን ራሱ መሸከም አቃተው፤ ሎርናና ዋንዳ በአንሶላ ይዘዋት ወጡና መኪናው ውስጥ አስቀመጧት። እሱ የመድኃኒቷን ቦርሳ ይዞ ከኋላ ከኋላ ተከተለ። ሎርና የመኪናውን ማቀዝቀዣ እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

ሩብ ሰዓት ያህል እንደዚያው ቆዩ። ሎርና የእናቷን ልብሶች ትጭናለች፤ ዴልበርት ከውጭ ቆሞ በመስታወቱ ያያል። በመጀመሪያ የሜርና ጣቶች ተንቀሳቀሱ። ቀጥሎ ራሷን ቀና አድርጋ ውኃ ጠጣች፤ ብርጭቆውን የያዘችው በራሷ እጅ ነው። ከዚያ መስኮቱን አወረደችና ትኩር ብላ አየችው።

«ውይ ዴል! ፊትህ ምነው እንዲህ ተላጠ? ፀሐይ በላህ እኮ!»

«አሁን ነው ያየሽው?»

«አሁን ነው የታየኝ። ዓይኔ ጠፍቶ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከማክሰኞ።»

ዴልበርት የመስኮቱን ጠርዝ ያዘ። ማክሰኞም ረቡዕም ፎጣውን እየነከረ በግንባሯ ላይ ሲያደርግላት፣ ዓይኗ እሱ ላይ ነበር። የምታየው መስሎት ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ ሜርና?»

«ለማን ልንገር?» አለችው፤ ቁጣ የለበትም ድምጿ። «ጣሪያ ላይ ነበርክ።»

ሎርና መኪናው ውስጥ ገባችና ቅዝቃዜው እንዳይወጣ መስኮቱን ዘጋችው።